«ወደ ታች የሚወርድ ደረጃ» በእንግሊዝኛ ሲገለጽ፦ «ሊዲንግ» ትክክል ሆኖ «ኢዝ ሊዲንግ» ለምን ይሳሳታል?

ጥያቄ፦ ሜሪላንድ ውስጥ የቤቴን ቤዝመንት ለማከራየት ማስታወቂያ ስጽፍ «ዘር ኢዝ ኤ ስቴርስ ዊች ኢዝ ሊዲንግ ቱ ዳውን ዘ ቤዝመንት» ብዬ ነበር። እዚሁ ተወልዳ ያደገችው ልጄ «ዘር አር ስቴርስ ሊዲንግ ዳውን ቱ ዘ ቤዝመንት» ብላ አስተካከለችው፤ ምክንያቱን ስጠይቃት ግን «እንዲህ ነው የሚባለው» ከማለት ሌላ መልስ የላትም። «ኢዝ ሊዲንግ» ስህተት ከሆነ «ሊዲንግ» ብቻውን እንዴት ትክክል ይሆናል? «ቱ ዳውን» ለምን ተገለበጠ? «ዛት ሊድ» ነው ወይስ «ዛት ሊድስ»? «ዛት» እና «ዊች»ስ በምን ይለያሉ?

ምላሽ፦ የተከበሩ ጠያቂያችን፣ ልጅዎ ያስተካከለችው ትክክል ነው። ምክንያቱን መናገር አለመቻሏም አያስገርምም፤ አፉን የፈታበትን ቋንቋ ሕግ ዘርዝሮ የሚያስረዳ ሰው ጥቂት ነው። እኛም «የወረድንበት ደረጃ» ስንል «በት» የምትለዋ ቅጥያ ምን እየሠራች እንደሆነ ብንጠየቅ ቶሎ መልስ አይመጣልንም። የእንግሊዝኛውን ምሳሌ እርስዎ እንዳደረጉት በፊደላችን እጽፈዋለሁ። ካነሷቸው ነጥቦች ውስጥ በእውነት የሚከብደው የመጀመሪያው ስለሆነ በእሱ ላይ ረዘም ያለ ጊዜ እንቆያለን።

ደረጃ አይንቀሳቀስም። የሚንቀሳቀሰው በደረጃው ላይ የሚሄደው ሰው ነው፤ ሰው ባይኖርም የተመልካቹ ዓይን ከላይ ጀምሮ እስከ ታች ይከተለዋል። ያም ሆኖ ቋንቋዎች ሁሉ ማለት ይቻላል እንዲህ ያለውን ቋሚ ነገር እንደሚሄድ አድርገው ይናገሩለታል፤ እኛ «ከጎሐ ጽዮን በኋላ መንገዱ ወደ ዓባይ በረሃ ይወርዳል» ስንል አስፋልቱ ከቦታው እንዳልተነሣ እናውቃለን። አሜሪካዊው የቋንቋ ምሁር ሊዮናርድ ታልሚ እ.ኤ.አ. በ1996 ስለዚህ ጉዳይ በሰፊው ሲጽፍ ነገሩን በአማርኛ «ምናባዊ እንቅስቃሴ» ብለን ልንጠራው በምንችለው ስም ሰይሞታል። እንቅስቃሴው ምናባዊ በመሆኑም ጅማሬና ፍጻሜ የለውም፤ ደረጃው ትናንትም ወደ ቤዝመንቱ ይወርድ ነበር፣ ነገም ይወርዳል። እንግሊዝኛ እንዲህ ላለው ነገር የሚጠቀመው በትምህርት ቤት «ሲምፕል ፕረዘንት» እያልን የተማርነውን ጊዜ ነው፦ «ዘ ስቴርስ ሊድ ዳውን»። «ፕረዘንት ኮንቲኒዩየስ» ግን አሁን በመከናወን ላይ ያለንና ጥቂት ቆይቶ የሚያልቅን ድርጊት ስለሚናገር፣ «ዘ ስቴርስ አር ሊዲንግ» ሲባል ደረጃው በዚህ ሰዓት አንድን ሰው እየመራ የሚያወርድ ይመስላል። «ዘ ጋይድ ኢዝ ሊዲንግ አስ ዳውን» ቢባል ምንም ስህተት የለበትም፤ አስጎብኚው እየመራን ነውና።

ይህን ለመቀበል የእንግሊዝኛ ጆሮ አያስፈልግዎትም፤ የአማርኛው ጆሮዎ ይበቃል። «ወደ ምድር ቤት የሚወርደው ደረጃ» እንላለን እንጂ «ወደ ምድር ቤት እየወረደ ያለው ደረጃ» አንልም። ስለዚህ ስህተቱ ከአማርኛ የመጣ አይደለም። የመጣው፣ በእኔ ግምት፣ ብዙዎቻችን በክፍል ውስጥ ከተማርነው አንድ አቋራጭ ነው፦ «ዊች ኢዝ» ወይም «ሁ ኢዝ» የሚለውን ከሐረጉ ላይ ማንሣት ይቻላል የሚለው። አቋራጩ በብዙ ቦታ ይሠራል፤ «ዘ ማን ሁ ኢዝ ስታንዲንግ ዜር» የሚለው «ዘ ማን ስታንዲንግ ዜር» ይሆናል። ከዚህ የተነሣ ተማሪው «ሊዲንግ»ን ብቻዋን ባየ ቁጥር «ከፊቷ ኢዝ ተነሥቶላት ነው» ብሎ ይደመድምና መልሶ ሊያስገባው ይሞክራል። ነገር ግን «ስቴርስ ሊዲንግ ዳውን» የሚለው ሐረግ የሚፈታው «ስቴርስ ዛት ሊድ ዳውን» ተብሎ ነው፤ በመካከል ጠፍቶ የቀረ «ኢዝ» ወይም «አር» የለም።

ከስም ኋላ የሚመጣው ይህ «ኢንግ» ድርጊቱ በመካሄድ ላይ መሆኑን አይናገርም። ግሱን ከጊዜ አላቆ እንደ ቅጽል ስሙን እንዲገልጽ ማድረግ ብቻ ነው ሥራው። ለዚህ ነው ጨርሶ በ«ኮንቲኒዩየስ» የማይነገሩ ግሶች እንኳ ያለ ችግር የሚይዙት። «ዚስ ቦክስ ኢዝ ኮንቴኒንግ ቡክስ» የሚል እንግሊዝኛ ተናጋሪ አያገኙም፤ «ኤ ቦክስ ኮንቴኒንግ ቡክስ» የሚለውን ግን በየመጋዘኑ ዝርዝር ላይ ያነቡታል። «ቢሎንጊንግ ቱ» እና «ኮንሲስቲንግ ኦፍ» የሚሉትም እንዲሁ ናቸው። የራሱ ጊዜ ስለሌለው ጊዜውን ከዋናው ግስ ይዋሳል፤ «ዊ ፋውንድ ስቴፕስ ሊዲንግ ዳውን ቱ ዘ ሪቨር» ሲባል «ፋውንድ» ኃላፊ ስለሆነ «ሊዲንግ»ም «ዛት ሌድ» ማለት ይሆናል። (የዚህን ኃላፊ ጊዜ አጻጻፍ ይጠንቀቁ። «ሌድ» በሦስት ፊደል የሚጻፍ ሲሆን፣ በተመሳሳይ ድምፅ የሚነበበውና እርሳስ የተባለውን ብረት የሚጠራው ቃል ግን በአራት ፊደል ስለሚጻፍ፣ ቋንቋው የአፋቸው የሆኑትም ሳይቀሩ ዘወትር ያምታቷቸዋል።)

ይህ አጭር ቅርጽ በሁለት ቦታ አይገባም። አንደኛ፣ ስሙ የሐረጉ ባለቤት ካልሆነ አይሠራም፤ «የምንወርድበት ደረጃ» ለማለት በ«ኢንግ» ማሳጠር አይቻልም፤ ወራጁ ደረጃው ሳይሆን እኛ ነንና። ሁለተኛ፣ አንድ ጊዜ ተከናውኖ ያለፈን ነገር አይገልጽም፤ «ትናንት የመጣው ሰው» ለማለት «ዘ ማን ካሚንግ የስተርደይ» ማለት ስህተት ነው፣ «ሁ ኬም» መባል አለበት።

ምናባዊውን እንቅስቃሴ ከእውነተኛው ለይቶ የሚያሳይ ቦታ ከእርስዎ ሩቅ አይደለም። በዊተን የባቡር ጣቢያ ያለው ተንቀሳቃሽ ደረጃ ወደ 70 ሜትር ገደማ የሚረዝም ሲሆን፣ በዚህ ዓይነቱ መሣሪያ ርዝመት በምዕራቡ ንፍቀ ክበብ አቻ የሌለው እንደሆነ ይነገርለታል። በዚያ ላይ ቆመው «ዘ ኤስካሌተር ኢዝ ጎይንግ ዳውን» ቢሉ ትክክል ነው፤ መርገጫው በእርግጥ ከእግርዎ ሥር እየወረደ ነውና። ከጎኑ ያለውም ሽቅብ የሚሄድ ስለሆነ «ኢዝ ዚስ ዋን ጎይንግ አፕ ኦር ዳውን?» ብሎ መጠየቅ ትርጉም አለው። የሲሚንቶ ደረጃን በተመለከተ ግን ይህ ጥያቄ አይጠየቅም፤ ያው አንዱ ደረጃ ከላይ ላለው ሰው «ሊድስ ዳውን»፣ ከታች ላለው ደግሞ «ሊድስ አፕ» ነው። አንድ ልዩ ሁኔታ ብቻ ልጨምር፦ መኪና ውስጥ ሆነው ቁልቁለቱን ሲጀምሩ «ዘ ሮድ ኢዝ ጎይንግ ዳውን ናው» ቢሉ ይፈቀዳል፤ በዚያን ጊዜ የሚናገሩት ስለ መንገዱ ቅርጽ ሳይሆን ስለ ጉዞዎ ነው። በማስታወቂያ ላይ ተጓዥ ስለሌለ ይህ ፈቃድ አይሠራም።

ወደ «ቱ ዳውን» እንለፍ። ከላይ የጠቀስኩት ታልሚ እ.ኤ.አ. በ1985 ባሳተመው ሌላ ጥናት ቋንቋዎች አቅጣጫን የት እንደሚያስቀምጡ ለይቶ አሳይቷል። ሴማውያን ቋንቋዎች፣ አማርኛን ጨምሮ፣ አቅጣጫውን በግሱ ውስጥ ይከቱታል፦ ወረደ፣ ወጣ፣ ገባ። እንግሊዝኛ ግን ግሱን ስለ አሄዱ እንዲናገር ይተውና አቅጣጫውን ውጭ ያቆመዋል፦ ጎ ዳውን፣ ራን ዳውን፣ ክላይም ዳውን። እኛ «እየሮጠ ወረደ» የምንለውን እነሱ «ራን ዳውን» ይሉታል፤ መውረዱን የተሸከመው «ዳውን» ነው። ስለዚህም «ሊድ» ብቻውን ታችም ላይም አይልም። «ሊድ ቱ ዘ ቤዝመንት» ቢሉ ሰው የሚረዳዎ ቤዝመንት ከታች መሆኑን ስለሚያውቅ ነው።

አሁን «ወደ ታች» የሚለውን ሐረጋችንን ይመልከቱ። «ታች» ቦታ ነው፤ አቅጣጫ እንዲሆን «ወደ» ይቀድመዋል። «ዳውን» ግን በራሱ «ወደ ታች» ማለት ስለሆነ «ቱ» ቢቀድመው «ወደ ወደ ታች» እንደ ማለት ይሆናል። «ቱ» የሚመጣው ከ«ዳውን» በኋላ፣ መድረሻውን ለማስያዝ ነው፦ ዳውን ብሎ አቅጣጫ፣ ቱ ብሎ መድረሻ። መነሻ ካለም በመካከል ይገባል፦ «ዳውን ፍሮም ዘ ኪችን ቱ ዘ ቤዝመንት»። መድረሻው ውስጡ የሚገባበት ዋሻ ወይም ጉድጓድ መሆኑን ማጉላት ከፈለጉ «ቱ» በ«ኢንቱ» ይተካል። በላሊበላ ወደ ቤተ ጊዮርጊስ የሚወስደው ከዓለቱ የተፈለፈለ ቦይ «ዘ ትሬንች ዛት ሊድስ ዳውን ቱ ዘ ቸርች» ይባላል፤ ቤተ ክርስቲያኑን የከበበውን ጉድጓድ ከጠቀስን ደግሞ «ዳውን ኢንቱ ዘ ፒት» ነው።

«ዲሴንድ» የሚባለው ግስ ከላቲን የወረደ ስለሆነ እንደ እኛ «ወረደ» አቅጣጫውን በሆዱ ይዟል። ለእኛ ይቀልለናል፤ ችግሩ «ዲሴንድ ዳውን» እያልን መደገማችን ነው። በአማርኛ «ወደ ታች ወረደ» ብሎ ማጠንከር የተለመደ ቢሆንም በጥንቃቄ በሚጻፍ እንግሊዝኛ ይህ ድግግሞሽ እንደ ጉድለት ይቆጠራል። በተጨማሪም «ዲሴንድ» ለጉዞ መጽሐፍ እንጂ ለኪራይ ማስታወቂያ የማይመች ክብደት አለው። ከሁሉ የሚቀልለው ግሱን ጨርሶ መተው ነው፦ «ዘ ስቴርስ ዳውን ቱ ዘ ቤዝመንት»። አቅጣጫው ከግሱ ውጭ ስለሚኖር ግሱ ቢሄድም ይቀራል፤ በእኛ ቋንቋ ግን «የሚወርድ» ወይም «የሚያወርድ» የሚለው ከተነሣ አቅጣጫውም አብሮ ይነሣል። ተማሪዎች ይህን አጭር አነጋገር ሲጠቀሙት አላይም፤ ያሳዝነኛል፣ ንጹሕና ለስህተት ቀዳዳ የሌለው ነውና።

«ሊድ» ወይስ «ሊድስ» የሚለው በስሙ ይወሰናል። «ስቴርስ» ሁልጊዜ ብዙ ቁጥር ነው፤ አየርላንድ ውስጥ «ኤ ስቴርስ» ሲባል ሊሰሙ ቢችሉም በመደበኛው እንግሊዝኛ አይጻፍም። ስለዚህ «ዘ ስቴርስ ዛት ሊድ» ያለ «ስ» ነው። ነጠላ ከፈለጉ «ኤ ስቴርኬዝ ዛት ሊድስ» ይላሉ። እርስዎ «ኢዝ ኤ» ያሉት አማርኛው «ደረጃው ይወርዳል» እያለ በነጠላ ስለሚናገር ይመስለኛል። ከቤት ውጭ ያለው ደረጃ አብዛኛውን ጊዜ «ስቴፕስ» ይባላል፤ እሱም ብዙ ቁጥር ነው። አንድ ወጥመድ ልጠቁምዎ፦ «ዋን ኦፍ ዘ ፓዝስ ዛት ሊድ ዳውን» ሲባል ግሱ የሚከተለው «ዋን»ን ሳይሆን «ፓዝስ»ን ነው፤ የሚወርዱት መንገዶች ብዙ ናቸው፣ የምንናገረው ግን ከእነሱ ስለ አንዱ ነው።

ገላጩ ሐረግ በአማርኛ ከስሙ ይቀድማል፣ በእንግሊዝኛ ይከተላል፤ ይህን ሁሉም ያውቀዋል። ብዙዎች የማያስተውሉት ሐረጉ አጠገቡ ካገኘው ስም ጋር የመጣበቅ ጠባይ እንዳለው ነው። «ኤ ዶር ኒር ዘ ኪችን ዛት ሊድስ ዳውን ቱ ዘ ቤዝመንት» ብለው ቢጽፉ ፈጥኖ የሚያነብ ሰው ወደ ቤዝመንት የሚወስደው ኩሽናው ሊመስለው ይችላል። «ኒር ዘ ኪችን፣ ኤ ዶር ሊድስ ዳውን ቱ ዘ ቤዝመንት» ብሎ ማፍረሱ ይሻላል። እግረ መንገዴን፣ በር ራሱ ቁልቁል እንደማይወርድ አስተውለው ይሆናል፤ «ሊድ» ግን «የሚወርድ» ከማለት ይልቅ «የሚያወርድ»፣ «የሚያደርስ» ለሚለው ስለሚቀርብ ለበርም ይሆናል። «ጎ» ለደረጃና ለመንገድ ያገለግላል፤ በር ላይ ሲያርፍ ግን አይመችም።

ካላነሡት ነገር ግን አማርኛ ተናጋሪ ሁሉ ከሚሰናከልበት አንድ ነጥብ ላይ ልቆይ። «የወረድንበት ደረጃ» ሲባል «በት» ደረጃውን መልሳ ትጠራዋለች፤ በአማርኛ ያለ እሷ ሐረጉ አይቆምም። ይህ ልማድ ወደ እንግሊዝኛው ይሻገርና «ዘ ስቴርስ ዛት ዊ ኬም ዳውን ዜም» ያሰኛል። እንግሊዝኛ ግን ቦታውን ባዶ ይተወዋል፦ «ዘ ስቴርስ ዛት ዊ ኬም ዳውን»። ዐረፍተ ነገሩ በ«ዳውን» ማለቁ ጎደሎ አያደርገውም። በመስተዋድድ መጨረስ ነውር ነው የሚለው ወሬ የቆየ ነው፤ እንግሊዛዊው ባለቅኔ ጆን ድራይደን እ.ኤ.አ. በ1672 ጸሐፌ ተውኔቱን ቤን ጆንሰንን በዚሁ ነቅፎታል። ነቀፋውን የፈራ ሰው «ዘ ስቴርስ ዳውን ዊች ዊ ኬም» ሊል ይችላል፤ ትክክል ነው፣ ግን በአፍ የሚናገረው የለም። በዚህ ቅርጽ ከመስተዋድዱ ቀጥሎ «ዊች» ብቻ ይገባል፤ «ዳውን ዛት» የሚባል ነገር የለም።

ከዚሁ ጋር የተያያዘው ማያያዣውን መቼ መተው እንደሚቻል ነው። በደብረ ዳሞ ከገደሉ አናት የሚንጠለጠለውን የጠፍር ገመድ እንውሰድ። ሰው በገመዱ የሚወጣ ከሆነ «ዘ ሮፕ ዩ ክላይም አፕ» ብሎ «ዛት»ን መተው ይቻላል፤ ወጪው «ዩ» ስለሆነ። ተንጠልጣዩ ገመዱ ራሱ ሲሆን ግን «ዘ ሮፕ ዛት ሃንግስ ዳውን ዘ ክሊፍ» ውስጥ «ዛት» ግድ ነው፤ ቢነሣ «ገመዱ ይንጠለጠላል» የሚል ሙሉ ዐረፍተ ነገር ይሆንና ቀጥሎ የሚመጣው ግስ ባለቤት ያጣል። እንዲህ ባለው ቦታ ማሳጠር የፈለገ ሰው «ሃንጊንግ»ን ይጠቀማል።

በዚህ ምሳሌ ውስጥ «ሊድ» ሳይሆን «ሃንግ» መግባቱንም ልብ ይሏል። ረጅም ነገር ሁሉ «ሊድ» አይባልም፤ ሰው ሄዶበት የሚደርስበት ከሌለ ሌላ ግስ ይፈለጋል። መጋረጃና ገመድ «ሃንግ ዳውን» ነው፣ ቀሚስ «ሪችስ ዳውን ቱ» ነው፣ ገደል «ድሮፕስ» ነው፤ የውኃ ቧንቧ «ራንስ ዳውን» ይባላል። «ኤክስቴንድ» ርዝመቱ በልክ ሲነገር ይስማማዋል፦ «ኤ ፓይፕ ዛት ኤክስቴንድስ 2 ሜትርስ ቢሎው ዘ ፍሎር»። መድረሻ ሳይጠቀስ አቅጣጫው ብቻ ከተፈለገ «ዳውንዋርድ» አለ፤ እንግሊዞች መጨረሻው ላይ «ስ» ይጨምሩበታል።

«ዛት» እና «ዊች»ን የሚለየው ሐረጉ ነገሩን ከብጤዎቹ የሚለይ መሆኑ ወይም የታወቀ ነገር ላይ መረጃ የሚጨምር መሆኑ ነው። ቸርችል ጎዳና አንድ ነው፤ ስለዚህ «ቸርችል ሮድ፣ ዊች ራንስ ዳውን ፍሮም ሲቲ ሆል ቱ ዘ ኦልድ ሬልዌይ ስቴሽን» ሲባል በኮማ ይለያል፤ «ዊች» ይገባል፣ «ዛት» አይገባም። አማርኛው «ከማዘጋጃ ቤት ወደ ለገሀር የሚወርደው ቸርችል ጎዳና» ይላል፤ ኮማ የለውም፣ ከሁለቱ የትኛውን እንደፈለግን አያስታውቅም፤ ስለዚህ ወደ እንግሊዝኛ የሚጽፍ ሰው «ሌላ አለ ወይ?» ብሎ ራሱን መጠየቅ አለበት። የሚለይ ከሆነ ኮማ የለም። በዚህ ጊዜ የታወቀ የእንግሊዝኛ አጠቃቀም መመሪያ የጻፈው እንግሊዛዊ ሄንሪ ፋውለር እ.ኤ.አ. በ1926 «ዛት» ቢመረጥ እንደሚሻል መክሯል፤ የአሜሪካ አርታዒዎች ምክሩን እንደ ሕግ ሲይዙት እንግሊዞች ግን ዛሬም ሁለቱንም ይጽፋሉ። የእርስዎ «ዊች» ስለዚህ እንደ ስህተት የሚቆጠር አልነበረም፤ እርስዎ ባሉበት አገር ግን «ዛት» ይሻላል።

ይህ ለማስታወቂያዎ ጥቅም አለው። ቤዝመንቱ የሚገባበት ከኩሽና የሚወርድ አንድ ደረጃ ብቻ ካለው የልጅዎ ዐረፍተ ነገር እንዳለ ይቀመጥ። ከጓሮ በኩል ለተከራዩ የተለየ መግቢያ ካለ ግን ደረጃዎቹን መለየት ስለሚያስፈልግ «ቴናንትስ ዩዝ ዘ ስቴፕስ ዛት ሊድ ዳውን ፍሮም ዘ ባክያርድ» ብለው ይጻፉ፤ «ባክያርድ» የሚለውንም አይተዉት፣ ተከራይ ቀድሞ የሚጠይቀው መግቢያው የብቻው መሆኑን ነው።